ከሰማዩ ላይ የነቀልኳት ቁራጭ

ስለ አመሌ ከሌላ ሰው ከምትሰሙ እኔው ልንገራችሁ፤ ተጠራጣሪ ነኝ። ዛሬ ዛሬ ተሽሎኛል። ያኔ፣ በፈረንጆቹ 1990 ዓ.ም.፣ ቶሮንቶ ፍሌሚንግደን ፓርክ ስኖር ግን ኤለቬተር ውስጥ የአገሬን ሰው ካየሁ ደረጃውን እመርጥ ነበር። የምኖረው አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ምን ያህል እንደምጠራጠር ጉልበቴ ይመስክር።

ያለምክንያት አልነበረም። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ከቤታችን የቀረኝ አንድ ታናሽ ወንድም ብቻ ነው። ስሙን ለጊዜው አልነግራችሁም፤ ወንድሜ እያልኩ እቀጥላለሁ። ተገዶ ከዘመተበት ጦር ግንባር ጠፍቶ፣ ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ፣ ድንበር ተሻግሮ ናይሮቢ ገብቷል። የሚኖረውም ተደብቆ ነው። በዚያን ጊዜ በስደተኛው ዘንድ አንድ ወሬ ይናፈስ ነበር፤ ከጦር የኮበለለ ሰው መኖሪያው ከታወቀ በመኪና ታፍኖ ወደ አገር ቤት ይመለሳል ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም። ማጣራት ራሱ ያስጠረጥራል ብዬ ፈራሁ።

ወንድሜ የሚጽፍልኝ ራሱ ታጥፎ ፖስታ በሚሆነው ስስ ሰማያዊ ወረቀት፣ በኤሮግራም ነው። ደብዳቤው ሲደርሰኝ ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ፣ አድራሻውን በቃሌ እይዛለሁ፣ ከዚያ በጥፍር ልክ እቀዳድደዋለሁ። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው፣ አዲስ አበባ ቤት ለቤት ፍተሻ በነበረበት ዘመን። «በቁመቱ ቅደጂ፣ ደግሞ በወርዱ ቅደጂ፤ ማንም ገጣጥሞ እንዳያነበው» ይለኝ ነበር። አባቴ ብዙ ነገር አስተምሮኛል፤ አጥብቄ የያዝኩት ግን ይህንን ሆኖ ቀረ።

ችግሩ የት ልቅደደው ነው። አፓርትመንቱን የምጋራው ከሁለት እህትማማቾች ጋር ነበር። ታላቅየዋ ሂሩት ትባላለች፤ ሳቂታ፣ ሰው ወዳድ፣ እጇ የማይቦዝን ልጅ። እኔ ግን ይህን ያህል ለምን ትስቃለች ብዬ እጠራጠራት ነበር። በእሷ ፊት ደብዳቤ አልከፍትም፤ ቤት ውስጥ ባለው ቆሻሻ መጣያም አንዲት ብጫቂ አልጥልም።

ደግነቱ ሥራ ቦታዬ ለዚህ የተሠራ ይመስል ነበር። አንድ ኤጀንሲ አቅመ ደካማ ሽማግሌዎች ቤት እየላከ ያሠራኛል። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የምሄደው ሚስስ ኦካዳ ዘንድ ነው፤ እዚያው እኛ ሕንፃ፣ ዘጠነኛ ፎቅ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቁመታቸው ትከሻዬ ላይ የማይደርስ፣ ካናዳ ተወልደው ያረጁ ጃፓናዊት ናቸው። ወለል እወለውላለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ሾርባ አሞቃለሁ። እሳቸው ደግሞ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ወረቀት ይቀድዳሉ።

አትሳቁ፤ ሥራቸው ነው። ችጊሪ-ኤ ይሉታል። ወረቀት በእጅ እየቀደዱ፣ እየለጠፉ ሥዕል መሥራት። ቀለም መቀባት የለም፤ ቀለሙ ወረቀቱ ራሱ ነው። መቀስማ በአጠገባቸው አይደርስም። በውኃ በራሰ ቀጭን ብሩሽ ወረቀቱ ላይ ያሰምሩና በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ይስቡታል። ያን ጊዜ ጠርዙ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ጭረት ይወጣል። ያቺ ጭረት ናት ተራራው ላይ ጉም፣ ዛፉ ላይ በረዶ የምትሆነው። ሙጫቸውን ከስንዴ ዱቄት ራሳቸው ያበስሉታል።

ከጠረጴዛው ሥር ትልቅ ቅርጫት ነበር፤ እስከ አፉ ብጫቂ ወረቀት የሞላው። መጀመሪያ ቀን «ጠረጴዛውንና ዙሪያውን እንዳትነኪ» ብለውኛል፤ ስለዚህ ደፍቼው አላውቅም። እኔ ቆሻሻ መጣያ ነው ብያለሁ። ብጫቂ ለመደበቅ ደግሞ ከብጫቂ መሀል የበለጠ ቦታ የት ይገኛል? አማርኛ የሚያነብ ሰው በሌለበት ቤት! ከዚያ ወዲህ ወንድሜ የጻፈልኝን ሁሉ እዚያ አንብቤ፣ እዚያ ቀዳድጄ፣ እዚያ ቅርጫት ውስጥ ጨመርኩ። በብልጠቴ እኮራ ነበር፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም።

በኅዳር አንድ ማክሰኞ የመጨረሻው ደብዳቤ ደረሰኝ። የመጨረሻ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። ወንድሜ የተጠጋበት ቤት ባለቤት ልትመለስ ስለሆነ እንደሚለቅ፣ ከእንግዲህ በድሮው አድራሻ እንዳልጽፍ፣ በአዲስ የፖስታ ሣጥን እንድጽፍለት ይነግረኛል። ከታች ስሙን ጽፎ፣ ከስሙ አጠገብ «ናይሮቢ» ብሎ አምስት አሃዝ ያለው ቁጥር አስቀምጧል። ቁጥሩን ደጋገምኩት። ወለሉን እየወለወልኩ እንደ ጸሎት አልኩት። ከዚያ ደብዳቤውን መቅደድ ጀመርኩ። በመሀል ሚስስ ኦካዳ ከመኝታ ቤታቸው ሲወጡ ደንገጥ አልኩና እጄ ላይ የቀረችውን ቁራጭ ሳልበጫጭቃት ቅርጫቱ ውስጥ ጨመርኳት። የጣት ርዝመት አላት። ስሙና ቁጥሩ ያሉባት እሷ ነበረች።

ሐሙስ አወጣታለሁ ብዬ ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት ዘጠነኛ ፎቅ ስደርስ የሚስስ ኦካዳ በር ተከፈተና አቶ ገረመው ወጡ። እኚህን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ዝምተኛ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ እስከ አንገት የተቆለፈ ሰው ናቸው። በሠፈሩ ያለ አበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል፣ ሁሉም ይሸሻቸዋል። ጆሮ ጠቢ ናቸው ይባላል፤ እዚህ ሆነው ለመንግሥት ወሬ ያቀብላሉ። መጀመሪያ ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ጨዋታ ይቋረጣል። እኔም ወሬውን አምኜ ነበር፤ ማመን ብቻ ሳይሆን ለአዲስ መጪ ሁሉ ሹክ ከሚሉት አንዷ ነበርኩ።

በብብታቸው በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር ይዘዋል።

«እንዴት ነሽ ስንዱ? እዚህ ነው እንዴ የምትሠሪው?»

«አዎ» አልኩ።

«ጥሩ ሴት ናቸው። ሺፍትሽ እስከ ስንት ሰዓት ነው?»

ምን አገባዎት ልላቸው ነበር። «ይለያያል» አልኳቸውና ገባሁ። ዓይኔ በቀጥታ ወደ ቅርጫቱ ሄደ። ነጩ አለ፣ ቡናማው አለ፣ አረንጓዴው አለ። ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም። ተንበርክኬ እስከ ታች ፈተሽኩት፤ አንዲት እንኳ አልቀረችም።

«ሚስስ ኦካዳ፣ ሰማያዊው ወረቀት የት ሄደ?»

ፊታቸው በራ። «ጨረስኩት! ሰማዩን በሙሉ በእሱ ሠራሁት። ቅዳሜ ኮሚዩኒቲ ሴንተሩ የሽማግሌዎችን ሥራ ያሳያል አላልኩሽም? እስከዚያ ድንገቴ እንዲሆንልሽ ደብቄሽ ነው።»

«ጽሑፍ ያለበትንም?»

«እሱን ነው የምወደው። ከሩቅ ወፍ ይመስላል።»

«ሥዕሉ አሁን የት አለ?»

«ያ የአገርሽ ሰው ወሰደው። የሥዕል ፍሬም ቤት ነው የሚሠራው፤ እጁ ንጹሕ ነው።»

ክው አልኩ። በቶሮንቶ ስንት ሚሊዮን ሰው እያለ የወንድሜን ስምና አድራሻ በብብቱ ይዞ የወጣው አቶ ገረመው! ደግሞ የሁሉም ነገር መልስ ወዲያው መጣልኝ። አንድ ሰው ጆሮ ጠቢ ከሆነ ፍሬም ቤት ለምን ይሠራል? በየሰው ቤት ለመግባት ነዋ! ሺፍቴንስ ለምን ጠየቁኝ? አሮጊቷስ ቢሆኑ ብጫቂዬን እየለቀሙ ሲገጣጥሙ የኖሩት ለማን ብለው ነው? ከሰዓት በኋላ አሞኛል ብዬ ከሥራ ወጣሁ። እውነትም አሞኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ይዤ ብሮድቪው ባቡር ጣቢያ ወረድኩና በዳንፎርዝ ጎዳና ላይ በእግሬ ፍሬም ቤቱን ፈለግሁ። አገኘሁት። ገብቼ ሥዕሉን ስጡኝ ለማለት ነበር አሳቤ፤ ደፍሬ አልገባሁም። ፊት ለፊት ካለው ዶናት ቤት መስኮት ሥር ተቀምጬ አሻግሬ ማየት ጀመርኩ። አቶ ገረመው መብራት ሥር ጎንበስ ብለዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፊታቸውን ሥዕሉ ላይ ሊያስነኩት ምንም አልቀራቸውም። ቀና አሉ። እርሳስ አነሡና ትንሽ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፉ። እንደገና ጎንበስ ብለው አዩ፣ እንደገና ጻፉ። ቁጥር እየገለበጡ ነው! በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

ቤት እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። ደጋግሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ወንድሜን ካወቁት እኔንም አውቀውኛል፣ በእኔ በኩል ይደርሱበታል። ኖርዝ ዮርክ ውስጥ አንዲት ድሮ አብራኝ የሠራች የጃማይካ ሴት ቤቷ ሥር ያለውን ቤዝመንት ታከራይ ነበር። ደወልኩላት። እኩለ ቀን ሳይሆን ሻንጣዬን ሞላሁ። ሂሩት በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ስንዱዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? እኛ አስቀየምንሽ?»

«አላስቀየማችሁኝም።»

«እሺ የምትሄጂበትን አድራሻ ስጪና። ሜይል ሲመጣልሽ እናደርስልሻለን።»

«ሜይል አይመጣልኝም» አልኳት።

ይህችን መልሴን አስታውሱልኝ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ የኮሚዩኒቲ ሴንተሩ አዳራሽ ነበርኩ። ሥዕሎች ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል፤ ሰው ሻይ ይዞ ይዘዋወራል። ሂሩትና እህቷ አሉ፤ ሌሎችም አበሾች እዚህም እዚያም ይታዩኛል። ሚስስ ኦካዳ አዲስ ሹራብ ለብሰው ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ እጃቸውን አነሡ። አላነሣሁላቸውም።

ሥዕሉ ፊት ቆምኩ። ከበረንዳቸው የሚታየው ሸለቆ ነው፤ ዛፎቹ ረግፈዋል፣ በረዶው ነጭ ብሏል። ሦስት እጁ ግን ሰማይ ነው። ያ ሰማይ የወንድሜ ደብዳቤ ነው። አንዷ ብጫቂ ላይ «ብርድ» የሚል ይነበባል። አንዷ ላይ «እንዳታስ» ይልና ይቋረጣል። አንዷ ላይ ብቻዋን «አይዞሽ» አለች። ሆዴ ባባ፤ ለመባባት ግን ጊዜ አልነበረኝም። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ያቺን የጣት ርዝመት ያላት ቁራጭ ፈለግሁ። ደግሜ ፈለግሁ።

የለችም። ነቅለው ወስደዋታል!

አቶ ገረመው ከኋላዬ ቆመው ነበር። «ቆንጆ ሥራ ነው አይደል?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«የት አደረስካት?» አልኳቸው። አዎ፣ በአባቴ ዕድሜ የሚሆኑትን ሰው አንተ አልኩ።

«ምኗን?»

«ቁራጯን! የወንድሜን ስም! ስትገለብጥ አይቼሃለሁ። ለማን ሰጠሃት? ጆሮ ጠቢ! ያገር ሰው ሁሉ ስማ፣ ይኸው ሰላዩ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አማርኛ የማይችሉትም ገባቸው። ሂሩት እጇን አፏ ላይ ጫነች። የአቶ ገረመው ፊት አመድ መሰለ። ሥዕሉን ከግድግዳው አወረዱ። ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፉት፤ ከኪሳቸው ትንሽ ጉጠት አውጥተው ከጀርባው ያሉትን ምስማሮች አንድ በአንድ ነቀሉ። ከመስተዋቱ ሥር ሥዕሉን ዙሪያውን የሚከብ ነጭ ካርቶን አለ፤ እሱን በቀኝ በኩል ገለጥ አደረጉልኝ።

ቁራጯ እዚያ ነበረች። በካርቶኑ ተሸፍና፣ እንደተለጠፈች።

«ካርቶኑን ጣት ያህል ያሰፋሁት ለዚህ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ለእኔ ብቻ ነበር። «የሰው ስም ያለ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። በዚህ ጊዜ ደግሞ፣ ታውቂዋለሽ። ሐሙስ ሺፍትሽ ሲያልቅ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ አልተመቸሽም።»

እዚህ ላይ ይቅርታ ጠይቄ፣ ጉልበታቸው ሥር ወድቄ ቢሆን ኖሮ ይህን ገጠመኝ አትሰሙም ነበር። እኔ ግን ምን አሰብኩ መሰላችሁ? አውቀው ነው ያስቀሯት፣ ገልብጠው ጨርሰዋል አልኩ። ቁራጯን በጥፍሬ ፋቅሁ። ነቀልኳት። አፌ ውስጥ ከተትኩና ዋጥኳት። የስንዴ ሙጫው ጣዕም ዛሬም ምላሴ ላይ አለ።

ሚስስ ኦካዳ ሰው ደግፏቸው መጡ። ሰማዩ ላይ የቀረውን ነጭ ቀዳዳ በጣታቸው ነኩት።

«የምትቀድጂው ለእኔ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ስጦታ መስሎኝ። ብዙ ሰው አስተምሬአለሁ፤ እንዳንቺ ወረቀት የሚቀድ አላየሁም።»

«የወንድሜ ደብዳቤ ነው። ሰው እንዳያነበው ነው የቀደድኩት።»

«በጦርነቱ ጊዜ» አሉ፣ «ልጅ ነበርኩ። ጃፓኖች ናችሁ ብለው ከባሕር ዳርቻው አንሥተው ወደ ተራራ ሠፈር ወሰዱን፤ አባቴን ለብቻው ሌላ ቦታ። ደብዳቤው ሲመጣ መሀል መሀሉ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቶ ነበር። እናቴ መስኮት ላይ ስታስደግፈው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ዛፉ ይታየናል። አባቴ እዚያ ላይ ምን ብሎን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። እኛን የቆረጠብን ሌላ ሰው ነው። አንቺ ግን ለምን በራስሽ እጅ?»

አገጬን ቀና አድርጌ ወጣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ወንድሜን አዳንኩት እያልኩ አለቀስኩ። ቁጥሩ በቃሌ ነበር። አምስት አሃዝ። በማግሥቱ ለወንድሜ ጻፍኩ።

ደብዳቤዬ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ። ጀርባው ላይ በዚህ ሣጥን እንዲህ ያለ ሰው የለም የሚል ማኅተም ተመትቶበታል።

መጀመሪያ አላመንኩም። ከዚያ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አልኩት፤ መጨረሻ ላይ አፌ ተደናቀፈ። ሁለቱ የመጨረሻዎቹ አሃዞች እንዴት ነበር የሚከተሉት? መሀል ላይ ያለውስ ሦስት ነው ወይስ ስምንት? በደህና ጊዜ የማይሳሳት አእምሮዬ በዚያ የሦስት ቀን ጭንቀት ተተራምሷል። በሌላ አሰላለፍ ጻፍኩ፤ በሌላም፤ በድሮው አድራሻ ሳይቀር። አሥራ አንድ ደብዳቤ ላክሁ። ገሚሱ ውሎ አድሮ ተመለሰ፤ ገሚሱ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው።

መልሱን ሳልጠብቅ ፍሌሚንግደን ሂሩት ዘንድ ሮጥኩ። በሩን ከፍታ ስታየኝ አቀፈችኝ። ስጠይቃት ፊቷ ተለወጠ።

«ሁለት ሰማያዊ ደብዳቤ መጥቶልሽ ነበር» አለች። «የት እንዳለሽ ማንን እንጠይቅ? የሕንፃው ኃላፊ፣ ሱፐሩም አያውቅም። አንድ ወር አቆየንልሽና መልሰን ለፖስተኛው ሰጠነው። ስንዱዬ፣ ሜይል አይመጣልኝም ብለሽኝ የለ?»

አንድ ተስፋ ብቻ ቀረኝ። በየካቲት ብርድ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዳንፎርዝ ፍሬም ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ስጸልይ ነበር። ጸሎቴን ብትሰሙት ታፍሩልኝ ነበር፤ ጌታዬ፣ እባክህ እኚህ ሰው ሰላይ ይሁኑ። እባክህ ገልብጠውት ይሁን።

አቶ ገረመው ከሥራ ጠረጴዛቸው ቀና አሉ። ወንበር ሳቡልኝ። መቀመጥ አቃተኝ።

«ያቺ ወረቀት ላይ የነበረው ቁጥር» አልኩ። «ያኔ በእርሳስ ሲጽፉ አይቻለሁ። አልቆጣም። ማንም ጋ ይድረስ፣ ለማንም ይስጡት፣ ግድ የለኝም። ብቻ ይስጡኝ። ወንድሜ ጠፋብኝ።»

ከዚያ ከጀርባቸው ግድግዳ ላይ በምስማር ከተሰካ የወረቀት ክምር አንዲት ቁራጭ አወጡና እጄ ላይ አኖሩልኝ። በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ነበር! አየሁት። የሥዕሉ ወርድ ነው፣ ቁመቱ ነው፣ ከአጠገቡ የካርቶኑ ስፋት ነው። ቀኝ በኩል ብቻ በጣት ያህል ጨምረውበታል።

«የጻፍኩት ይህንን ነው።»

«ሲሸፍኑትስ አላነበቡትም? በአንድ ዓይን እንኳ?»

«ስም መሆኑን አየሁ፤ ከዚያ ዓይኔን አነሣሁ» አሉ። «ለእኔ የተጻፈ ደብዳቤ አልነበረም፣ እህቴ። እንዴት አነበዋለሁ?»

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጨዋ በመሆናቸው ያለቀስኩባቸው ሰው እኚህ ብቻ ናቸው።

ይህ ከሆነ ስምንት ዓመት አለፈ። አገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ ወንድሜ ይገባል ብዬ ጠበቅሁ፤ አጎታችን ቤት ግን ብቅ አላለም። ናይሮቢ የሄደ ሰው ሁሉ ጠይቆልኛል። ወደ ደቡብ አፍሪካ ካቀኑት ጋር አብሮ ነበር ያለኝ አለ፤ አይ፣ ሌላ ሰው ነው ያለኝም አለ። እኔ ሳልመልስለት ስቀር ምን እንዳሰበ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። እህቴ ረሳችኝ ብሎ ይሆን?

ሚስስ ኦካዳ ዘንድ ተመለስኩ፤ ለሥራ አይደለም፣ ልማር። እስኪሞቱ ድረስ በየማክሰኞው አጠገባቸው ተቀምጬ ወረቀት ቀደድኩ። ቀዳዳውን በሌላ ሰማያዊ ልሸፍንልሽ ብለውኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ሥዕሉን ለእኔ ተናዝዘውልኝ ዛሬ ስካርቦሮ ቤቴ ግድግዳ ላይ አለ። በዓለም ላይ የቀረኝ የወንድሜ እጅ ጽሑፍ እሱ ብቻ ነው። «አይዞሽ» የምትለውን በየጠዋቱ አነባለሁ፤ ቀዳዳውንም አየዋለሁ።

አቶ ገረመውን በተመለከተ የቻልኩትን አድርጌአለሁ። አንድ ለቅሶ ቤት እሳቸው ሲገቡ እንደ ልማዱ ጨዋታው ተቋረጠ። ተነሣሁና ያንን ወሬ ሳዛምት የነበርኩት እኔ መሆኔን፣ ሐሰት መሆኑንም ሰው በሞላበት ተናገርኩ። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። አጠገባቸው ያለ ሰው ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጣቸው። ያን ሁሉ ዓመት ብቻቸውን ሲቀመጡ ምን እንደተሰማቸው ጠይቄአቸው አላውቅም። ለመጠየቅ መብት ያለኝም አይመስለኝም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምክር አልሰጣችሁም። ያ ዘመን እንድንጠራጠር አድርጎናል፤ አባቴም ያስተማረኝ ሊያድነኝ ብሎ ነው። እኔ የማውቀው የደረሰብኝን ነው። ከጠላት ስደብቀው ወንድሜን ከራሴ ደበቅሁት።

መጀመሪያ ላይ ስሙን አልነግራችሁም ብዬ ነበር። ይህንን ስጽፍ እንኳ ስሙ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ እያለኝ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ተቀምጫለሁ። አሁን እነግራችኋለሁ። ወንድሜ ዘሪሁን በላቸው ይባላል። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ በግራ ቅንድቡ ላይ ልጅ ሆነን እኔ በወረወርኩት ድንጋይ የወጣች ጠባሳ አለች። ሲስቅ መጀመሪያ ድምፅ የለውም፤ በኋላ ነው የሚመጣው። ያያችሁት፣ አብራችሁት የተጓዛችሁ፣ ስሙን እንኳ የሰማችሁ ካላችሁ እህትህ ስንዱ አልረሳችህም፣ ቁጥሩ ጠፍቶባት ነው በሉልኝ።

ዘሪሁን በላቸው። ይኸው ጻፍኩት፤ አልቀድደውም።